ፖስታው ለሱ፣ ወረቀቱ ለእማማ

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ዴንቨር ከተማ፣ ሎውሪ ያለው የአየር ኃይል ሰፈር የተዘጋበት ዓመት ነው። ወታደሮቹ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ፤ ጡረተኞቹ ግን የትም አልሄዱም፤ በዙሪያው ባሉት ቤቶች ሣራቸውን እያጨዱ ቀሩ። ከነሱ የአንዱን ቤት ሐሙስ ሐሙስ አጸዳ ነበር። በዕድሜው አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር። አልለውም። ለምን እንደማልለው ላውጋችሁ፤ ሰምታችሁ አንቱ ካላችሁት እናንተን አልቀየማችሁም፣ ልባችሁ ሰፊ ነው ማለት ነው።

ሰውየው ፖስታ ይሰበስባል። ደብዳቤ አላልኩም፣ ፖስታ ነው ያልኩት፤ ወረቀቱ የሚገባበትን ልባሱን። ያውም ያገኘውን ሁሉ አይደለም፤ ወድቆ ከተሰበረ አውሮፕላን የተረፈውን ብቻ። ለዚህ የሚሆን አንድ ክፍል ነበረው፤ መጋረጃው ሁልጊዜ የተዘጋ፣ እኔ አቧራ ለመጥረግ እንኳ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ካላየኝ የማልገባበት። ፖስታዎቹን በነጭ ጓንትና በወረንጦ ነው የሚይዛቸው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች እጇን እንዲህ ይዞላት እንደሆነ እንጃ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት አራት መሰሎቹ ይመጡና ጠረጴዛ ከበው፣ እያንዳንዱን በማጉያ መነጽር እያዩ «ኦ!» ይላሉ። የተቃጠለ ከሆነ «ኦ!»፤ ደም የነካው የሚመስል ከሆነ ረዘም ያለ «ኦ!»

እኔ ትምህርት ቤት የተቀመጥኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ በየቀኑ የፖስታ ሳጥናችን ውስጥ የሚታጨቀው የማስታወቂያ ወረቀት ነው። ሌላው ሰው ሳያነብ ይጥለዋል፤ እኔ ኩሽና ቁጭ ብዬ መዝገበ ቃላት ይዤ ስለ ምንጣፍ ማጠቢያ፣ ስለ ፒዛ፣ ስለ ጥርስ ሐኪም አነብ ነበር። ስለዚህ መጽሐፍ አንብቢ ብትሉኝ ያኔ ያደናቅፈኝ ነበር፤ ፖስታ ላይ አድራሻ ማንበብ ግን ከማንም አላንስም። ይህንን ያዙልኝ።

አንድ ሐሙስ ኮሪደሩን እየጠረግኩ «ቫኪዩሙን አጥፊውና ነይ» አለኝ። እንዲህ ሲለኝ አዲስ ነገር ገዝቷል ማለት ነው፤ ቅዳሜ እስኪደርስ የሚያሳየው ሰው ስለሌለው እኔን ይጠራል። አልበሙን ገለጠና ስለ አንዲት አውሮፕላን ይነግረኝ ጀመር።

አየር ፖስታ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ነው። ከደቡብ በኩል ካሉት ደሴቶች ተነስታ ወደ አሜሪካ ዳርቻ ደብዳቤ የምታመላልስ፣ ክንፏ እንጨትና ሸራ የሆነ፣ ውኃ ላይ የምታርፍ አውሮፕላን ነበረች። ሁለት ሰዎች ናቸው የሚነዷት፤ አንዱ ያበራል፣ አንዱ ሞተሩን ያዳምጣል። አንድ ቀን በጠዋት ተነሱ። ባሕሩ ላይ ጉም ነበር። ዓሣ አጥማጆች የሞተሩን ድምፅ ሰምተዋል፤ ቆም፣ ቀጠል፣ ቆም ይል ነበር አሉ፤ ከዚያ ዝም አለ። ከሦስት ቀን በኋላ አንድ የፖስታ ከረጢት ውኃ ላይ ተንሳፎ አገኙ። ሌላ ምንም አልተገኘም።

«ሰዎቹስ?» አልኩት።

«የትኞቹ ሰዎች?»

«ሁለቱ ናቸዋ። የሚያበራውና ሞተሩን የሚያዳምጠው። ሚስት፣ ልጅ ነበራቸው?»

«እሱ አልተመዘገበም» አለኝ። ሞተሩ ስንት ሲሊንደር እንዳለው ግን ነገረኝ። ሸራውን ምን ዓይነት ቀለም እንደቀቡት ነገረኝ። ከረጢቱ የተሰፋበትን የክር ዓይነት ሳይቀር ነገረኝ። ሁለት ሰው ባሕር ውስጥ ገብቶ ሲቀር የሱ ራስ ከረጢቱን ተከትሎ ወደ ዳር ወጥቷል።

ከዚያ ፖስታውን በወረንጦ አነሳው። ደረቱ ላይ የባሕሩ ውኃ የደረቀበት ቡናማ መስመር አለ። ቴምብሩ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ውኃው አላቆት ሄዷል። ዳር ላይ፣ በባሕር ውኃ የተጎዳ ነው የሚል ሐምራዊ ማህተም ተመቷል። «ከከረጢቱ ከወጡት ውስጥ እንዳልተከፈተ የሚታወቀው ይሄ ብቻ ነው» አለኝ። «ላኪው በምላሱ ልሶ እንደዘጋው ነው ያለው። ይገባሻል? በምላሱ!»

የላኪው ምራቅ ገብቶኛል። እኔ የማየው ግን አድራሻውን ነበር። ቀለሙ ቢፈዝም ይነበባል። ዴንቨር ይላል። መንገዱን አነበብኩ፤ የቤቱን ቁጥር አነበብኩ። የተጻፈላትን ሴት የአባት ስም ሁለቴ አነበብኩ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። በሳምንት አራት ቀን፣ ጠዋትና ማታ፣ ከመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የማነበው ስም ነው።

ከሐሙስ ውጭ ባሉት የሥራ ቀኖቼ ከዴንቨር ጎን ባለችው ኦሮራ ውስጥ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ብዙ በማይርቅ የአዛውንቶች ሕንፃ፣ አንዲት አሮጊት እጠብቅ ነበር። እማማ እላቸው ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ነግሬያቸው ወደውታል። ባል አላገቡም፤ አባታቸው ባወጣላቸው ስም ኖሩ። የስኳር በሽታው ዓይናቸውን እየጨረሰው ነበር፤ ሐኪሙ የቀረቻቸው ብርሃን እስከ ክረምት ብትቆይ ትቆያለች ብሏል። ግድግዳቸው ላይ አንድ ፎቶ አለ፤ በረንዳ ያለው ትንሽ ቤት፣ በረንዳው ላይ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ፣ ከልጅቷ ራስ በላይ ምሰሶው ላይ የቤቱ ቁጥር። ልጅቷ እማማ ናቸው። ፎቶውን ያነሱት አባታቸው ናቸው፤ በሳምንቱ ደሴቶቹ ላይ ባለ የስኳር ፋብሪካ ማሽን ሊጠግኑ ሄዱ፤ አልተመለሱም።

«አንድ መስመር አልጻፈልንም» ይሉኝ ነበር፣ ፀጉራቸውን ሳበጥር። «አንድ መስመር! እናቴ እስክትሞት ረገመችው። እኔም የሷን ያህል ረገምኩት።» እውነትም ይረግሙ ነበር። ማበጠሪያው ፀጉራቸውን በጎተተው ቁጥር ርግማኑ ለአባታቸው ነው።

በማግሥቱ ዓርብ ሾርባቸውን እየበሉ ሳለ ነገርኳቸው። ማንኪያውን አስቀመጡ።

«ለእናቴ ነው?»

«ለእናትዎ ነው። የዚያ ቤት ቁጥር ነው።»

«ምን ይላል?»

«አልተከፈተም።»

«ታዲያ ጽፏል» አሉ። ከዚያ ደግሞ «ምን ብሎ? አልመጣም ብሎ ነው ወይስ እመጣለሁ ብሎ? ይሄ ዓይኔ ሳይጠፋ ነው ማየት የምፈልገው፤ ሰው እያነበበልኝ ብቻ አይደለም፤ እጅ ጽሕፈቱን።»

ስልኩን ደወልኩላቸው። ሰውየው መጀመሪያ ደስ አለው፤ የደብዳቤው ባለቤት ልጅ በሕይወት አለች ማለት ለአልበሙ ጥሩ የግርጌ ጽሑፍ ነው። ይከፈትልኝ ሲሉት ግን ድምፁ ተለወጠ። ያልተከፈተ መሆኑ ነው ትልቅነቱ፣ ከተከፈተ እንደማንኛውም ነው፣ ታሪክ ማበላሸት ነው አላቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሴት ታሪክ ማለት ምን እንደሆነ አስተማራቸው። በመጨረሻ ግን ደግ ልሁን ብሎ የፖስታውን ፊት ፎቶ ኮፒ አድርጎ ላከላቸው። በፖስታ! ያማረ ቴምብር ለጥፎበት! እማማ ኮፒውን ዓይናቸው ላይ ለጥፈው አዩትና «ባዶ ሰሃን ላከልኝ» አሉ።

ማታ ለአጎቴ ነገርኳቸው። ከአጎቴ ጋር ሁለት መኝታ ቤት ባለው አፓርትመንት ነው የምንኖረው። ዴንቨር መሀል ከተማ፣ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ባለች የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው ትኬት ይቆርጣሉ። አገር ቤት ግን ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ፖስታ ቤት ነው የሠሩት፤ ደብዳቤ መለየት፣ የአደራ ደብዳቤ መመዝገብ። ትኬት ሲቆርጡ እንኳ ማህተም የሚመቱ ነው የሚመስለው።

«አልደረሰም?» አሉኝ። «አድራሻ ተጽፎበት፣ ማህተም ተመቶበት፣ አልደረሰም? ስሚ፤ ደብዳቤ የተጻፈለት ሰው እጅ እስኪገባ ድረስ የማንም አይደለም። የላኪም አይደለም። የፖስታ ቤቱም አይደለም። በአደራ ነው ያለው! ይሄ ሰው በምን ሥልጣኑ ነው የያዘው?» ተነስተው ቆመዋል።

እኔ ዓይኔ ወደ መኝታ ቤታቸው በር ሄደ። እንግዲህ የራሴን ሥጋም ልቆንጥጥ።

አጎቴ ከሦስት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ሲመጡ፣ እንደማንኛውም መጪ ሰው፣ የሰው ደብዳቤ ተሸክመው ነው የመጡት። ዐሥራ አንድ ደብዳቤ። መቼም አሠራራችንን ታውቃላችሁ፤ ሰው ከአገር ቤት ገባ ሲባል ሁሉም እንኳን ደህና መጡ ሊል ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ የቤተሰቡን ደህንነት ይጠይቃል፣ ደብዳቤውን ይቀበላል። ዐሥሩ መጥተው ወሰዱ። አንዱ፣ ሞንትቤሎ ሰፈር የሚኖረው፣ አልመጣም። ሳምንት ጠበቁት፣ ወር ጠበቁት። ከዚያ ቅር አላቸው። «እንኳን ደህና መጡ ያላለኝን ሰው በሩ ላይ ቆሜ ላንኳኳ? ይምጣና ይውሰድ!» ደብዳቤው ሻንጣ ውስጥ ተቆለፈ፣ ሻንጣው አልጋ ሥር ገባ። እኔ ላድርስ ብላቸው «በአደራ የተሰጠው ለኔ ነው» አሉኝ። ለራሳቸው አያደርሱ፣ ለኔ አይሰጡ።

«ጋሼ» አልኳቸው ያን ማታ፣ «አልጋዎ ሥር ያለውስ?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«በምን ነው ሌላ የሆነው?»

«እሱ ኩርፊያ አለበት» አሉና ተቀመጡ። ፖስታ ቤቱ የኩርፊያ ክፍል እንዳለው ያን ዕለት ሰማሁ።

ቢሆንም ለእማማ ጉዳይ ሽማግሌ መላክ አለብን አሉ። አዎ፣ ሽማግሌ። ሴት ልጅ እንደሚጠየቀው፣ የተጣላ እንደሚታረቀው። እኔ ፈረንጅ በሽማግሌ አይገባውም ብዬ ነበር። «ሰው አይደለም?» አሉኝ። እኔ ገና እያጣራሁ ነበር። ሁለተኛው ሽማግሌ ሐጂ ሆኑ፤ ኦሮራ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያላቸው፣ ሰው ሲጣላ የሚጠሩ፣ የረጉ ሰው ናቸው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ መሰሎቹ ሳይመጡ፣ ሦስታችን ሄድን። አጎቴ ሙሉ ልብስ ለብሰው ነጠላ ደርበዋል፤ ሐጂ ነጭ ቆብ አድርገው ከዘራቸውን ይዘዋል። ሰውየው በሩን ከፍቶ አያቸው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«የራሴ ቤተ ክርስቲያን አለኝ» አለ፤ በር ለበር የሚዞሩ ሰባኪዎች መስለውታል።

«ምን አለ?» አሉ ሐጂ።

«እንደምን አደራችሁ አለ» አልኩ።

ገባን። ተቀመጡ አለ። አጎቴ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። «የመጣንበት ጉዳይ ካልተፈጸመልን አንቀመጥም» አሉ። ተረጎምኩለት። እኛ ዘንድ ይህ ሲባል ባለቤቱ ይደነግጣል፤ ኧረ በእግዜር ተቀመጡ፣ የመጣችሁበት ይሆናል፣ ይላል። እሱስ? «እንደፈለጉ፤ እኔ ጉልበቴን ያመኛል» አለና ራሱ ሶፋው ላይ ተዘረጋ! ሁለት ሽበታም ሰዎች ፊቱ ቆመው፣ እሱ ተቀምጦ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ይበላል። ሐጂ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሱ። ስለ ሰው ሲያፍሩ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

አጎቴ ጀመሩ። ስለ ቤቱ አማረ ብለው፣ ስለ ጤናው፣ ስለ ጎረቤት መልካምነት፣ ስለ አገሩ ሰላም። በወጉ ነው የሚሄዱት፤ ጉዳዩ መጨረሻ ላይ ነው የሚነሳው። ሰውየው «ምን ሊሸጡልኝ ነው የመጡት?» አለኝ። አጎቴ አሁን ስለ ዝናቡ ደርሰው ነበር። እኔ ትዕግሥቴ አለቀ።

«የእማማን ደብዳቤ ሊለምኑህ ነው» አልኩት በእንግሊዝኛ። «ክፈትላት። ዓይኗ እየጠፋ ነው።»

«ለሴትየዋ አስረድቻለሁ» አለ። ግን እንግዳ ካገኘ ማሳየት አይተውምና አልበሙን አመጣ። ጓንቱን አጠለቀ። አውሮፕላኗን፣ ጉሙን፣ ከረጢቱን እንደገና አወራ፤ እኔ ተረጎምኩ። ሁለቱ ሰዎች ባሕር ውስጥ ሲገቡ ሐጂ «ኢናሊላሂ» አሉ፤ አጎቴ «ነፍስ ይማር» አሉ። በዚያ ቤት ለነዚያ ሰዎች ነፍስ ይማር ሲባል የመጀመሪያው መሆን አለበት። ሰውየው ምን እንዳሉ እንኳ አልጠየቀኝም፤ «በምላሱ የዘጋው» የሚለው ላይ ለመድረስ ቸኩሏል።

አጎቴ «መነጽሬን አቀብይኝ» አሉ። ጓንት የላቸውምና ፖስታውን አልነኩትም፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ዝቅ ብለው አዩ። «ገልብጠው በይው።» ገለበጠው። ጀርባውን ቀስ ብለው፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ማህተሞቹን፣ ከዚያ ክዳኑን አዩ።

«ይሄ ተከፍቷል» አሉ።

ተረጎምኩ። ሰውየው ሳቀ። «ፓርኪንግ ነው የሚሠራው አላልሽኝም?»

«ምን አለ?»

«ፓርኪንግ ነው የሚሠሩት አለ።»

«ነው» አሉ አጎቴ ሳይቆጡ። «ቴምብሩ የት ሄደ በይው።»

«ውኃው አላቆታል» አለ።

«ቴምብሩን ያላቀቀ ውኃ የክዳኑን ሙጫ ለምን ማረው?»

ሰውየው ሳቁን አቆመ።

«እኛ ዘንድ በክረምት አንድ የፖስታ መኪና ወንዝ ውስጥ ገብታብናለች» አሉ አጎቴ። «ከረጢቱን ስናወጣው ፖስታው ሁሉ አፉን ከፍቶ ነበር። የረጠበ ፖስታ አንድም ተዘግቶ አይወጣም። ገመድ ዘርግተን አደረቅን፤ ውስጡን ሳናነብ፣ ሙጫ በብሩሽ ቀብተን፣ እያንዳንዱን መልሰን ዘጋን። እኔ ብቻዬን ሁለት ቀን ዘግቻለሁ። ይሄንንም እንደኔ ያለ ሰው ነው የዘጋው። ላኪ ሲልስ በክዳኑ ልክ ነው የሚልሰው፤ ብሩሽ ግን ከክዳኑ ያልፋል። ተመልከት፣ የብሩሹ መስመር ያውልህ።»

ሰውየው ማጉያ መነጽሩን አነሳ። አየ። መብራቱን አስጠግቶ አየ። ከክዳኑ ጠርዝ አልፎ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቡናማ የብሩሽ ሰንበር ነበር። አንገቱ ከኮሌታው ጀምሮ ቀላ። ከነዚያ ሁሉ መሰሎቹ ጋር ተሰብስቦ ባለፈው ቅዳሜ «ኦ!» ያለለት ምላስ የአንድ ደመወዝተኛ የሙጫ ብሩሽ ሆኖ ተገኘ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሆዴ ውስጥ ሳቅኩ።

ከዚያ ያደረገውን ተመልከቱ። ቀጭን ቢላ አመጣ። «እንግዲህ እንደሌሎቹ ነው» አለ። ክዳኑን ፈለቀቀ። የታጠፈውን ወረቀት በወረንጦ ጎትቶ፣ ከጥርሱ መሀል ያወጣውን ነገር እንደሚጥል ሰው ለኔ ዘረጋልኝ። አላየውም። አንድ ቃል አላነበበም። ባዶውን ፖስታ ግን ወደ ፕላስቲኩ መልሶ አልበሙን ዘጋ።

አጎቴና ሐጂ ያኔ ተቀመጡ። ወጉ ነዋ። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። አልተረጎምኩለትም፤ ምርቃቱን እንዳያገኘው ብዬ ነው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እማማ ነዳሁ። ሐጂን ሱቃቸው አወረድናቸው። ሕንፃው በር ላይ ስንደርስ አጎቴ ወረቀቱን ተቀበሉኝ። «እኔ ነኝ የማደርሰው» አሉ። ቁልፍ አለኝ ብላቸው አልሰሙም፤ አንኳኩ። እማማ በሩን ሲከፍቱ ሙሉ ስማቸውን በእንግሊዝኛ ጠየቋቸው፤ መኪና ውስጥ ሲለማመዱት ነበር። ከዚያ በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። ከኪሳቸው ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ትኬት አውጥተው ጀርባው ላይ አስፈረሟቸው። የአደራ ደብዳቤ ያለ ፊርማ አይሰጥም። እማማ ዐይናቸውን ትኬቱ ላይ አስጠግተው ፈረሙ፤ ነገሩ ምንም አልገረማቸውም።

ወረቀቱ አንድ ነው፤ ፊቱና ጀርባው ተጽፎበታል። የላይኛው ግማሽ ይነበባል፤ የታችኛው ሰማያዊ ደመና ሆኗል። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ፣ ቀስ እያልኩ አነበብኩላቸው። ቤት አግኝቻለሁ ይላል። ሁለት ክፍል ነው፣ አንዱ ለልጅቷ። ወፍራም ልብስ አትያዥ፣ እዚህ ብርድ የለም። ባሕሩ ሞቅ ያለ ነው፣ ልጅቷን መዋኘት አስተምራታለሁ። አዲስ አውሮፕላን መጥታለች፣ ደብዳቤው በቀናት ይደርስሻል አሉኝ፤ መልስሽን በዚያው ላኪልኝ። መልስሽ ካልመጣ…

«ካልመጣ?» አሉ እማማ።

«ከዚህ በኋላ ውኃ ነው እማማ።»

ወረቀቱን ተቀበሉኝ። በቀኝ ዓይናቸው፣ ትንሽ ብርሃን በቀረባት፣ አፍንጫቸው እስኪነካው አስጠግተው ፊደሉን አንድ በአንድ ተከተሉት። «መዋኘት አልችልም» አሉ። «እስከ ዛሬ አልችልም።» አላለቀሱም። ያን ዕለት ማንንም አልረገሙም።

ትንሽ ቆይተው አጎቴን፣ ስንት ቀን ነው የዘገየው አሏቸው። አጎቴ የጀርባውን ማህተሞች አይተዋልና በአእምሯቸው ይዘውታል። «ከተላከበት ቀን እዚህ ከተማ እስኪገባ ሁለት ወር አይሞላም። ከዚያ ሰዎቹ ለቀዋል ተብሎ ተመለሰ።»

እማማ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ቤቱን ለቀን ነበር። አክስቴ ዘንድ ገብተን ነበር። ስንት መንገድ ርቀን መሰላችሁ? አራት መንገድ። ጎረቤቱ በሙሉ ያውቀናል። ፖስታ አድራሹ አንድ በር ቢያንኳኳ ኖሮ። አንድ በር።»

«ምን አሉ?» አሉኝ አጎቴ።

ነገርኳቸው። ከዚያ ሳይጠይቁኝ፣ ቃል በቃል፣ እንደገና ነገርኳቸው። አጎቴ ጫማቸውን ያዩ ነበር።

እማማ «እንደርስዎ ያለ የፖስታ ሰው ያኔ ቢኖረን» ብለው እጃቸውን ጨበጧቸው። ይህንንም ተረጎምኩ። ሳይጎድል። አጎቴ እጃቸውን ለመቀበል እንኳ ተቸገሩ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ራዲዮኑን ልከፍት ስል «ተይው» አሉኝ። ያን ጊዜ በጣም ንቄያቸው ነበር፤ አልዋሽም። ከዚያ ባለ ፖስታ ይልቅ እሳቸውን። እሱ ደብዳቤ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ እሳቸው ያውቃሉ።

ሰውየው ሰኞ ደወለልኝ። ወረቀቱ ላይ ስለ አውሮፕላኗ የተጻፈ ነገር አለ ወይ? ካለ ከፖስታው ጋር አብሮ ቢቀመጥ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ሴትየዋ ብታውሰኝ አለ። ወረቀቱ ቅዳሜ ዕለት ዓይኑ ሥር ነበር። «ስለ መዋኘት ብቻ ነው የሚያወራው» አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ንስሐም አልገባሁበት። ሐሙስም ከዚያ ወዲያ አልሄድኩለትም። አቧራውን በወረንጦ ይልቀመው።

የእማማ ዓይን እስከ ጥር ቆየ። እስከዚያ ድረስ በየጠዋቱ፣ ከመድኃኒቱ በፊት፣ ያችን ወረቀት ያዩ ነበር።

አጎቴ በሚቀጥለው እሑድ ሻንጣውን ከአልጋቸው ሥር አወጡ። ሙሉ ልብሳቸውን ለበሱ። ልንዳዎ ብላቸው እምቢ አሉ፤ ሁለት ባስ ቀይረው ሞንትቤሎ ሄዱ። በአድራሻው ላይ ያለው ቤት ውስጥ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ጎረቤቶቹን በየበሩ እያንኳኩ በማያውቁት እንግሊዝኛ ጠየቁ፤ ያን ዕለት ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በሁለተኛውም እሑድ እንዲሁ። በሦስተኛው አንዲት ሴት ወደ ኋላ ባለው መንገድ ሰማያዊ በር ያለው ቤት አሳየቻቸው። ባለ ደብዳቤው ራሱ ከፈተላቸው። መምጣትዎን ማንም አልነገረኝም አላቸው። አጎቴ ሙሉ ስሙን ጠየቁት፤ ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው ሰጡት፤ ትኬት ጀርባ ላይ አስፈረሙት። አንብቦ እስኪጨርስ በረንዳው ላይ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ባሱን ይዘው ወደ ቤት መጡ።